«አዲሱ ስፒከር አላረካኝም»፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ቅሬታ ይዘዋል፤ ሆም ቴአትር ተገዝቶ ቤት ሲገባ ድምፁ ሱቅ ውስጥ እንደተሰማው አልሆነም። ወደ መልሱ ከመግባታችን በፊት በአንድ ቃል እንግባባ። በእኛ አገር «ሪሲቨር» ሲባል የሚታሰበው የዲሹ ዕቃ ነው። ስለዚህ ስፒከሮቹን የሚነዳውን ዕቃ «አምፕ»፣ የዲሹን ደግሞ «ሪሲቨር» እንላለን።

ጥያቄ፦ ባለ አምስት ስፒከርና አንድ ቤዝ ሆም ቴአትር ከገዛሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ሱቅ ውስጥ ሲከፈት ደረት ይመታ ነበር። ቤት ግን ድምፁ ቀጭን ነው፤ ቤዙ የለም ማለት ይቻላል፤ ከፍ ሳደርገው ጆሮ ይበሳል። ዘፋኙም ከየት እንደሚዘፍን አይታወቅም። ሳሎናችን 5 በ4 ሜትር ነው፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ሶፋው ከግድግዳ ርቆ መሀል ላይ ነው ያለው። ሻጩ «ገና አልተፍታታም፣ ትንሽ ይሥራ» ይለኛል። ልመልሰው ወይስ ትልቅ ቤዝ ልጨምርበት? (ከአያት ኮንዶሚኒየም፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ለጊዜው አይመልሱትም፣ ምንም አይጨምሩበትም። «ቤዝ የለም» እና «ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም» የሚሉት ሁለት ምልክቶች አብረው ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሽቦ መገላበጥ ነው። የአንዱ ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ከተገላበጠ፣ አንደኛው አየር ሲገፋ ሌላኛው ይስባል። ዝቅተኛ ድምፅ ሞገዱ ረጅም ስለሆነ (50 ኸርትዝ ወደ 7 ሜትር ይጠጋል) ከሁለቱ ስፒከሮች የወጣው ተገናኝቶ ይጠፋፋል። ቀጭኑ ድምፅ ግን ይተርፋል። እርስዎ የሚሰሙት ይህንን ይመስላል።

አምፑን አጥፍተው ከሶኬት ይንቀሉት። ከዚያ እያንዳንዱን ሽቦ ከአምፑ እስከ ስፒከሩ በእጅዎ ይከተሉት። ከሁለቱ መስመሮች አንዱ ምልክት አለው፤ ቀይ መስመር፣ ጽሑፍ፣ ወይም በጣት ሲዳሰስ የሚታወቅ ጠርዝ። ምልክት ያለው መስመር በሁለቱም ጫፍ ቀይ መሰኪያ ላይ ይግባ። ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ስላለፈ መከተል ካልቻሉ የባትሪ ድንጋይ ይጠቀሙ። ሽቦውን ከአምፑ በኩል ነቅለው ጫፎቹን የ1.5 ቮልት ድንጋይ ላይ ለአንድ ሰከንድ ብቻ ያስነኩ፤ ቀዩን በፖዘቲቩ፣ ጥቁሩን በኔጌቲቩ። የስፒከሩ ወረቀት «ጠቅ» ብሎ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ወደ ውስጥ ከገባ ተገላብጧል። ዋናው ነገር ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ መሄዳቸው ነው። ይህ ሙከራ የራሱ አምፕ በውስጡ ላለው ቤዝ አይሆንም፤ ያበላሸዋል።

ሽቦውን ሲመልሱ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ አይላጡ፣ የተላጠውንም ጠበቅ አድርገው ይጠምዝዙ። ከቀዩ ያመለጠች አንዲት ቀጭን ክር ጥቁሩን ከነካች አምፑ ራሱን ለመጠበቅ ይዘጋል፤ ባስ ሲልም ይቃጠላል።

ሽቦው ትክክል ሆኖ ከተገኘ ወደ ሴቲንግ ይሂዱ። አምፑ ላይ «ስፒከር ሳይዝ» የሚል ቦታ አለ። «ላርጅ» ከተባለ አምፑ ወፍራሙን ድምፅ ለትንንሾቹ ስፒከሮች ይልካል፤ እነሱ ደግሞ አይችሉትም። ቁመታቸው አንድ ሜትር የሚደርስ ቋሚ ስፒከሮች ቢሆኑ እንኳ «ስሞል» ብለው ክሮስኦቨሩን፣ ማለትም ድምፁ ለቤዙና ለስፒከሮቹ የሚከፈልበትን ነጥብ፣ 80 ኸርትዝ ላይ ቢያደርጉት ይሻላል። የእጅ መዳፍ የሚያክሉ ከሆኑ 120 ወይም 150 ይሁን። አብዛኛው ሰው የሚስተው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። ቤዙ ጀርባ ላይም ሌላ የክሮስኦቨር መጠምዘዣ አለ። አምፑ 120 ላይ፣ ቤዙ ደግሞ 60 ላይ ከሆነ ከ60 እስከ 120 ያለውን ድምፅ ማንም አይጫወተውም፤ የከበሮና የቤዝ ጊታር ጉልበት ያለው ደግሞ እዚያ ነው። የቤዙን መጠምዘዣ እስከ መጨረሻው ይክፈቱት፣ «ኤልኤፍኢ» የሚል ምልክት ካለውም እዚያ ያድርጉት። መክፈሉን አምፑ ይሥራ። ቀጥሎ ቤዙ ላይ ያለውን የ0 እና 180 ማብሪያ እያገላበጡ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ወፍራም ሆኖ የሚሰማውን ይምረጡ።

አሁን ወደ ክፍልዎ እንምጣ፤ በእርስዎ ቤት ትልቁ ጉዳይ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። 5 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 34 ኸርትዝ አካባቢ የራሱ ርግብግቢት አለው፤ በ4 ሜትሩ ስፋት በኩል ደግሞ 43 አካባቢ። እነዚህ ርግብግቢቶች ግድግዳ ሥር ይበረታሉ፣ ክፍሉ እኩሌታ ላይ ይጠፋሉ። ሶፋዎ ያለው ልክ ቤዙ የሚጠፋበት ቦታ ላይ ነው። ለማረጋገጥ ቤዝ ያለው ሙዚቃ ከፍተው ይነሡና ወደ ክፍሉ ጥግ ይሂዱ። እዚያ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ ቤዙ ጤነኛ ነው፤ ትልቅ ቢገዙም እዚያው ሶፋ ላይ አይሰሙትም። ሶፋውን ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይግፉት። ግን ግድግዳው ላይ አይለጥፉት፤ ያኔ ደግሞ ያጓራል።

የቤዙን ቦታ ለመፈለግ አስተማማኙ መንገድ የተገላቢጦሹ ነው። ቤዙን አንሥተው እርስዎ የሚቀመጡበት ሶፋ ላይ ያስቀምጡት። አንድ ዘፈን ደጋግመው እያስኬዱ፣ ጆሮዎን ቤዙ ወለል ላይ ሲቀመጥ በሚኖረው ቁመት አድርገው ግድግዳውን ተከትለው በዝግታ ይዙሩ። እያንዳንዱ የቤዝ ምት እኩል ጎልቶ የሚሰማበት ቦታ ሲያገኙ ወለሉ ላይ ምልክት ያድርጉ። ቤዙ እዚያ ይቀመጥ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

ጆሮ የሚበሳው ከሴራሚኩና ከብሎኬት ግድግዳው ነው። ሳሎኑ መሀል ቆመው አንዴ በኃይል ያጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ «ዝርርር» የሚል ጭራ ከተከተለ ድምፁ በግድግዳዎቹ መካከል እየተላጋ ነው። ሱቁ ውስጥ ይህ አልነበረም፤ እስከ ጣሪያ የተደረደረው ካርቶን ድምፁን ይበትነውና ይመጠው ነበር። በስፒከሮቹና በሶፋው መካከል ወፍራም ምንጣፍ ያንጥፉ፤ 2 በ3 ሜትር ቢሆን ለውጡን ወዲያው ይሰማሉ። መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ፣ ከሶፋው ጀርባ መጻሕፍት የሞላ መደርደሪያ ይርዳ። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ድካሙን አይመልስም።

«ይፍታታል» ስለተባለው፦ የስፒከሩ ዙሪያ ላስቲክ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትንሽ መለስለሱ እውነት ነው። ግን የጠፋ ቤዝ አያመጣም። ሲጠብቁ የመመለሻ ቀን ያልፍብዎታል። ከላይ ያለውን በአንድ ቅዳሜ ጨርሰው ለውጥ ከሌለ ያን ጊዜ ይመልሱት።

ጥያቄ፦ ፊልም ስናይ ተኩሱ ቤት ያፈርሳል፣ ንግግሩ ግን አይሰማም። ሪሞቱን ይዤ ከፍ ዝቅ ሳደርግ ነው የማመሸው። የመሀሉን ስፒከር ቡፌው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ባለው ክፍት ቦታ አስገብቼዋለሁ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በባለ አምስቱ ሥርዓት አብዛኛው የፊልም ንግግር የሚመጣው ከመሀሉ ስፒከር ነው። እርስዎ ደግሞ ሣጥን ውስጥ ሣጥን አድርገውታል። ወደ ፊት ይሳቡት፤ ፊቱ ከቡፌው ጠርዝ እኩል ይሁን ወይም አንድ ጣት ያህል ይውጣ። ወደ ውስጥ ከገባ ድምፁ የመደርደሪያውን ወለልና ጎን እየመታ ይወጣል፤ ያኔ ንግግሩ «ከማሰሮ ውስጥ» የሚመጣ ይመስላል። ቡፌው ዝቅ ያለ ከሆነ ስፒከሩ የሚያወራው ለጉልበትዎ ነው። ከፊት ለፊቱ ሥር ሁለት የላስቲክ ቁራጭ አድርገው ቀና ያድርጉት፤ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ትዊተር ሶፋ ላይ ሲቀመጡ ጆሮዎ ያለበትን፣ ማለትም ከወለል 1 ሜትር አካባቢ ያለውን ታነጣጥር።

ከዚያ «ቻናል ሌቭል» ውስጥ ገብተው «ሴንተር» የሚለውን 2 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ይጨምሩ፤ ካልበቃ 3። ከ4 በላይ ካስፈለገዎት ሌላ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ማታ ልጆች ሲተኙ «ናይት ሞድ» ወይም «ዳይናሚክ ሬንጅ» የሚለውን ያብሩ፤ ተኩሱን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ ያደርጋል። ቀን ያጥፉት፣ ሙዚቃን ያደርቃል።

የመሀል ስፒከር ለሌላችሁ አንባቢያንም አንድ ነገር፦ ሴቲንጉ ውስጥ «ሴንተር» የሚለውን «ነን» አድርጉት። አምፑ ስፒከሩ ያለ መስሎት ንግግሩን ባዶ መሰኪያ ላይ እያፈሰሰው ይሆናል።

ጥያቄ፦ የኋላዎቹ ሁለት ስፒከሮች ዝም ብለዋል። የዲሹን ቻናሎች ስንከፍት የፊቶቹ ብቻ ናቸው የሚሠሩት። ቴክኒሻን ሽቦው ቀጭን ስለሆነ ነው፣ ይቀየር ይላል። ከአምፑ እስከ ኋላ 12 ሜትር ነው። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሽቦ ከመቀየርዎ በፊት አምፑ ውስጥ ያለውን «ቴስት ቶን» ያስነሡ። «ሽሽሽ» የሚለው ድምፅ ከስፒከር ወደ ስፒከር ይዞራል። ከኋላ ከተሰማ ሽቦውም ስፒከሩም ደህና ናቸው። ያኔ ችግሩ የሚመጣው ድምፅ ነው። በዲሽ የሚመጡት የአገራችን ቻናሎች በአብዛኛው ስቴሪዮ ናቸው፤ ከስልክ በብሉቱዝ የሚላከውም እንዲሁ። ሁለት መስመር ብቻ ሲገባ አምፑ ሁለት ስፒከር ያጫውታል፤ ይህ ጥፋት አይደለም። ሪሞቱ ላይ «ሰራውንድ» ወይም «ሳውንድ ሞድ» የሚለውን ተጭነው «ዶልቢ ሰራውንድ» ወይም «ፕሮ ሎጂክ» ቢመርጡ ስቴሪዮውን ለአምስቱ ያካፍለዋል። ለድግስ ከሆነ «ኦል ቻናል ስቴሪዮ»፤ ለፊልም ግን አይሆንም፣ ንግግሩ ከጀርባዎ ይመጣል።

ባለ አምስት መስመር ፊልም እየከፈቱም የኋላው ዝም ካለ ቴሌቪዥኑን ይጠርጥሩ። የድምፅ ሴቲንጉ ውስጥ «ዲጂታል አውትፑት» የሚለው «ፒሲኤም» ላይ ከሆነ ብዙ ቴሌቪዥኖች ሁሉን ነገር ወደ ሁለት መስመር ያጨምቁታል። «ቢትስትሪም»፣ «ዶልቢ ዲጂታል» ወይም «ፓስ ስሩ» ያድርጉት። የኤችዲኤምአይ ገመዱም ቴሌቪዥኑ ላይ «ኤአርሲ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቀዳዳ ውስጥ መግባት አለበት፤ ሌሎቹ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎች ድምፅ ወደ አምፕ አይመልሱም።

የሽቦው ነገርም እውነት አለበት፣ ግን ዝም አያሰኝም። 12 ሜትር ሲሄድና ሲመለስ 24 ሜትር ነው። 0.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ በዚህ ርቀት 0.8 ኦም ገደማ ይይዛል፤ 8 ኦም ስፒከር ላይ የሚያሳጣው ከ1 ዴሲቤል ያነሰ ነው። ባለ 1.5 ቢሆን ወደ 0.3 ኦም ይወርዳል፤ ስለዚህ እንደገና ሽቦ የሚዘረጉ ከሆነ ባለ 1.5 ይግዙ። ሲገዙ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርገው ይዩት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ የበለጠ ይቃወማል፣ መሰኪያው ላይም ቶሎ ይሰበራል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከሜሪላንድ ሆም ቴአትር ላከልኝ። በትራንስፎርመር ነው የምንሰካው። ዝቅ ሲል ጥሩ ነው፤ ከፍ ሲል ግን ቤዙ ሲመታ ድምፁ ይሰባበራል፣ ማታ ማታ ይብሳል፣ ትራንስፎርመሩም ይግላል። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ዕቃው ጀርባ ላይ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ ያንብቡ። «120 ቮልት፣ 60 ኸርትዝ» ብቻ ከሆነ በእኛ 220 ላይ በቀጥታ ከተሰካ ያልቅለታል፤ ቤት ውስጥ ላለ ሁሉ ይንገሩ፣ ሶኬቱ ላይም ይጻፉበት። «100-240» ከሆነ ግን ትራንስፎርመር ጭራሽ አያስፈልግም። ቤዙን ለብቻው ይዩት፤ አምፑና ቤዙ የተለያየ ጽሑፍ ሊኖራቸው ይችላል።

ድምፁ የሚሰባበረው ጉልበት ስላጠረው ነው። የአምፑንና የቤዙን የፍጆታ ዋት ይደምሩ። ለምሳሌ 400 እና 150 ከሆኑ 550 ነው፤ ትራንስፎርመሩ ከዚህ በእጥፍ የሚጠጋ፣ 1000 ዋት ይሁን። የቤዝ ምት በቅጽበት ብዙ ስለሚስብ ትንሹ ትራንስፎርመር ይግላል፣ ቮልቴጁም ይወርዳል። ማታ የሚብሰው ደግሞ የመስመሩ ኃይል ስለሚወርድ ነው። መስመሩ 180 ቮልት ሲሆን ባለ 220/110 ትራንስፎርመር የሚሰጠው 90 ብቻ ነው። ቮልቴጅን ራሱ የማያስተካክል አምፕ በ90 ቮልት የሚያወጣው ጉልበት በ120 ከሚያወጣው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። እዚያ ላይ ከፍ ሲያደርጉት ድምፁ ይቆረጣል፣ የተቆረጠ ድምፅ ደግሞ ትዊተር ያቃጥላል። ቅደም ተከተሉ ሶኬት፣ ስታቢላይዘር፣ ትራንስፎርመር፣ አምፕ ይሁን፤ ስታቢላይዘሩም ከ1000 ዋት አይነስ። ትራንስፎርመሩን ከአምፑና ከድምፅ ገመዶቹ ግማሽ ሜትር ያርቁት፣ አለበለዚያ «እምምም» የሚል ድምፅ ያስገባል።

ዕቃ ለመላክ ለምታስቡ በአሜሪካ ያላችሁ አንባቢያን፦ ከመክፈላችሁ በፊት ያችን የጀርባ ጽሑፍ ፎቶ አስነሡ።

ጥያቄ፦ አምፑ ማይክ ነበረው፤ ራሱ እንዲያስተካክል አደረግኩት። ከበፊቱ ባሰ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ማይኩን በእጅ ይዘው ወይም ሶፋው መደገፊያ ላይ አስቀምጠው ከነበረ ልኬቱ ዋጋ የለውም። የካሜራ ማቆሚያ ላይ፣ በጆሮ ቁመት፣ ከሶፋው መደገፊያ ቢያንስ አንድ ስንዝር አርቀው ያቁሙት። ማቀዝቀዣውንና ፋኑን ያጥፉ። አምፑ ብዙ ቦታ የሚለካ ከሆነ የጠየቀውን ያህል ይለኩ፤ ነጥቦቹ ግን ከዋናው መቀመጫ ዙሪያ ከ60 ሳንቲ ሜትር አይራቁ።

ሲጨርስ ውጤቱን ይዩ። የቤዙ ርቀት እርስዎ በሜትር ከለኩት በልጦ ቢታይ አይንኩት፤ በቤዙ ውስጥ ያለውን መዘግየት ቆጥሮ ነው። የቤዙ መጠን -12 ላይ ከደረሰ ግን የቤዙ ድምፅ መጠምዘዣ በዝቷል፤ ቀንሰው እንደገና ይለኩ፣ ወደ 0 ይጠጋ። ስፒከሮቹን «ላርጅ» ብሏቸው ከሆነ በእጅዎ ወደ «ስሞል»፣ 80 ይመልሱ። ማሽኑ ይህን ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

ጥያቄ፦ ካርቶኑ ላይ 2000 ዋት ይላል። ጎረቤቴ ያለው 100 ዋት ግን ይበልጠዋል። እንዴት? (ከአዳማ)

መልስ፦ የእርስዎ ካርቶን ከዋቱ አጠገብ «ፒኤምፒኦ» የሚል ሳይኖረው አይቀርም። ይህ ቁጥር ሁሉም አምራች የሚስማማበት መለኪያ የለውም። የሚታመነው «አርኤምኤስ» የሚለው፣ ማለትም አምፑ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ጉልበት ነው። እሱ ካልተጻፈ የዕቃውን ጀርባ ይመልከቱ፤ ከሶኬት የሚስበው 60 ዋት ከሆነ ያለማቋረጥ ከ60 በላይ ሊሰጥ አይችልም። ዋት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ልዩነቱ ይታወቃል እንጂ እጥፍ ሆኖ አይሰማም። እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ አሥር እጥፍ ዋት ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለት ስፒከር ሲያወዳድሩ «ሴንሲቲቪቲ» የሚለውን ቁጥር፣ ማለትም ስፒከሩ በተሰጠው ዋት ምን ያህል እንደሚጮህ፣ ይጠይቁ፤ 90 ዴሲቤል ያለው ስፒከር 84 ካለው ጋር እኩል ለመጮህ የሚበቃው ሩብ ያህል ዋት ነው።